ከሜልበርን ውጪ የከረመው የሜልበርን ቡድን

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ፣ ቡናዬ አጠገቤ አለ። የማወራው ስለ ኔትቦል ነው። ቆይ፣ አትዝጉት! አውስትራሊያ ያላችሁ ልጆቻችሁ ስለሚጫወቱት ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ሆናችሁ የምትሰሙኝ ደግሞ ስሙንም ላትሰሙት ትችላላችሁ። እንግሊዞች በ1890ዎቹ ከቅርጫት ኳስ ወስደው ለሴቶች የሠሩት ጨዋታ ነው። ከዚያ ቅኝ በገዙት አገር ሁሉ ይዘውት ዞሩ። ማላዊ፣ ኡጋንዳ፣ ጃማይካ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኒውዚላንድ በደንብ ይጫወቱታል። እኛ ጋ ያልደረሰው ለምን እንደሆነ መቼም ግልጽ ነው።

ባጭሩ ልንገራችሁ። በአንድ ወገን ሰባት ተጫዋች አለ። እያንዳንዷ ሥራዋን የሚናገር ፊደል ደረቷና ጀርባዋ ላይ ለጥፋ ነው የምትገባው። ኳስ እያነጠሩ መሮጥ የለም። ኳስ ከያዝሽ በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ወይ ትሰጫለሽ ወይ ትወረውሪያለሽ። የምትከላከልሽ ልጅ ደግሞ 90 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለባት። ቀለበቱ 3.05 ሜትር ላይ ተሰቅሏል፣ ከጀርባው ሰሌዳ የለውም። ስለዚህ አስተካክለሽ ካልወረወርሽ ምንም የሚያግዝሽ ነገር የለም። ጎል ማግባት የሚፈቀድላቸው ሁለት ተጫዋቾች ብቻ ናቸው፣ ጎል ሹተሯና ጎል አታኳ። ሌሎቹ አምስቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢጫወቱ በዚያ ፊደል አንድ ጎል አያስቆጥሩም።

የእህቴ ልጅ ዊንግ ዲፌንስ ነው የምትጫወተው። ያቺን ቦታ ማንም አይመኛትም። ቀለበቱ ሥር ያለው ግማሽ ክብ ውስጥ መግባት አይፈቀድላትም። ቴሌቪዥንም ብዙ አያሳያትም። ሥራዋ የተቃራኒዋን መንገድ መዝጋት ነው። ሲሳካላት የሚታይ ነገር የለም። ኳሱ ወደዚያች ልጅ አልሄደም፣ በቃ። እኔ ደግሞ የምሠራው ኤጅድ ኬር ነው፣ አረጋውያን ጋ፣ የማታ ፈረቃ። ማታ ማንም ሳይወድቅ ካደረ ጠዋት ሪፖርት ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ለዚህ ይሆናል ዊንግ ዲፌንስ ላይ ዓይኔ የሚያርፈው።

ላወራላችሁ የፈለግኩት እ.ኤ.አ. ስለ 2020 የውድድር ዓመት ነው። ስለ ሜልበርን ቪክስንስ፣ ስለ ከተማችን የኔትቦል ቡድን።

ያንን ክረምት አስታውሱት። (የእኛ ክረምት ማለቴ ነው፣ እዚህ ጁላይና ኦገስት ብርድ ነው።) ሊጉ ሱፐር ኔትቦል ይባላል፣ ስምንት ቡድን አለው። ሜይ 2 መጀመር ነበረበት፣ በኮቪድ ምክንያት ተራዘመ። ጁላይ 4 ቀን መንግሥት ፍሌሚንግተንና ኖርዝ ሜልበርን ያሉትን ዘጠኝ የመንግሥት ፎቆች ድንገት ዘጋ። ወደ 3,000 ሰው ነው የሚኖርባቸው። ከእነሱ ውስጥ የእኛ ሰዎች፣ ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎች ብዙ ናቸው። ፖሊስ ደጅ ላይ ቆመ፣ ሰው በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል። የማውቃቸው እናት እዚያ ውስጥ ነበሩ። ስደውልላቸው «ልጄ፣ እኔስ ደህና ነኝ፣ ቡና ግን አልቆብኛል» አሉኝ። ኋላ የቪክቶሪያ (ሜልበርን ያለችበት ክፍለ ግዛት ናት) እንባ ጠባቂ መርምሮ ያ ድንገተኛ መዝጋት የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነበር አለ። በዚያው ሰሞን አገር ቤት ኢንተርኔት ተቋርጧል። እናቴን ማግኘት አልቻልኩም። ሜልበርን ውስጥ የነበረ አበሻ ያንን ጁላይ አይረሳውም።

ቪክስንሶች በዚህ መሃል ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት፣ ወደ ኩዊንስላንድ ሄዱ። ድንበር እየተዘጋ ስለነበር ሊጉ በሙሉ እዚያ እንዲካሄድ ተወሰነ። ውድድሩ ቅዳሜ ኦገስት 1 ተጀመረ። በማግስቱ እሑድ ሜልበርን ላይ ደረጃ አራት የሚሉት ገደብ ታወጀ። ከምሽቱ 8 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 5 የሰዓት እላፊ። (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።) ከቤትሽ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ አትሄጂም። ለእንቅስቃሴ በቀን አንድ ሰዓት። እንግዲህ አስቡት፣ የከተማው ስም ማሊያቸው ላይ ነው፣ ከተማው ውስጥ ግን መግባት አይችሉም። እኛ ደግሞ መውጣት አንችልም።

ጨዋታው በቻናል ናይን በነፃ ይተላለፍ ስለነበር የእህቴ ልጅ አንዱንም አላለፈችም። የራሷ የሰፈር ውድድር ተሰርዞባታል። ሳሎን ውስጥ ፊደሏን ለጥፋ ትቀመጣለች። እኔ ከፈረቃ በፊት ከጎኗ ሆኜ አያለሁ። አንድ ቀን «አክስቴ፣ እነሱ ድሮም 90 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ፣ አሁን 1.5 ሜትር ሲባል ምን ሊያደርጉ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው «ለሜልበርን ብለው ነው የሚጫወቱት፣ ለእኛ ነው» ይል ነበር። እኔ ይህ ነገር አልተዋጠልኝም። ልክ እኛን «ጀግኖች» እንደሚሉን ነው። ማታ ማታ የፈቃድ ወረቀቴን ኪሴ ከትቼ፣ ባዶ መንገድ ላይ ነድቼ ሥራ እገባለሁ። ጭምብል፣ የፊት መከለያ፣ የፕላስቲክ ጋዋን። በዚያ ዓመት በቪክቶሪያ በኮቪድ ከሞቱት ወደ 800 ሰዎች አብዛኞቹ እንደኔ ሥራ ባለ ቤት ውስጥ የነበሩ አረጋውያን ናቸው። ጀግና ስትባል ደስ አይልም። ጀግና ከሆንሽ አይደክምሽም፣ ተጨማሪ ጓንት አትጠይቂም፣ ሰው ጨምሩልን አትዪም። እኔ የፈለግኩት ሠራተኛ እንድባል ነው። ቪክስንሶችንም ሳያቸው የታዩኝ ሥራ ላይ ያሉ ሴቶች ናቸው።

ሥራውም ቀላል አልነበረም። 14 ዙር ጨዋታና የፍጻሜው ዙር ፍልሚያ በ11 ሳምንት ውስጥ ታጨቀ። በሳምንቱ መሃል ሳይቀር ይጫወታሉ። ጉልበት ሳያገግም ሌላ ጨዋታ ይመጣል። ብዙዎቹ የኔትቦል ተጫዋቾች ደግሞ ከጎን የሚማሩ ወይም ሌላ ሥራ ያላቸው ናቸው። እንደ ወንዶቹ እግር ኳስ በሚሊዮን አይከፈላቸውም።

በዚያ ላይ አዲስ ሕግ መጣባቸው። ሱፐር ሾት ይባላል። በእያንዳንዱ ሩብ የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ከሩቅ የገባ ኳስ ሁለት ነጥብ ይሆናል። ከሩቅ ሲባል ከቀለበቱ ከ3 እስከ 4.9 ሜትር ባለው መስመር ውስጥ ማለት ነው። ይህ የተነገረው በጁን መጨረሻ አካባቢ ነው። ውድድሩ ሊጀመር ስድስት ሳምንት እንኳን አልቀረውም። የተጫዋቾቹ ማኅበር «ማንም አላማከረንም» ብሎ ተናደደ። እዚህ ላይ ሶፋዬ ላይ ተነስቼ ማጨብጨብ ቀረኝ። ምክንያቱም እኔ በሠራሁበት አንድ ቦታ የፈረቃ አሠራራችንን በአንድ ኢሜይል ቀይረውት ያውቃሉ። አልጋ አንሥተው የማያውቁ ሰዎች። ለዓመታት ከቀለበቱ ሥር መግባትን የተለማመደች አግቢ፣ አሁን ራቅ ብለሽ ወርውሪ ተባለች። በዚያው ዓመት የተጫዋች ቅያሪም በፈለጉት ሰዓት ተፈቀደ። ስለዚህ አምስት ደቂቃ ሲቀር ከሩቅ የሚያገቡት ከወንበር እየተነሡ ይገባሉ። ለተመልካች ሞቅ ያለ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን አሥር ደቂቃ ሙሉ በትዕግሥት የተገነባ ብልጫ በሁለት ውርወራ ሲፈርስ ዊንግ ዲፌንሷን ነው የማየው። እሷ የሠራችው በነጠላ ይቆጠራል፣ የዚያችኛዋ በድርብ።

ቪክስንስ ይህንን ሁሉ ይዞ መደበኛውን ውድድር በአንደኝነት ጨረሰ። አሠልጣኟ ሲሞን ማኪኒስ ነበረች፣ ከ2013 ጀምሮ ቡድኑን የያዘች። መሃል ላይ ኬት ማሎኒና ሊዝ ዋትሰን፣ ሁለቱም አምበሎች ነበሩ። ከኋላ ጆ ዌስተንና ኤሚሊ ማኒክስ። ከፊት ደግሞ ምዋይ ኩምዌንዳ። ስለ እሷ ትንሽ ልቆይ። የማላዊ ልጅ ናት። በ2015 ሲድኒ ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብላለች፣ ያውም ከማላዊ ቡድን ጋር ሆና። ሰውነቷ እንደ ሌሎቹ ጎል ሹተሮች ግዙፍ አይደለም። ያኔ ለፐርዙ ቡድን ለዌስት ኮስት ፊቨር ትጫወት የነበረችው ጃማይካዊቷ ጃኒል ፋውለር ወደ ሁለት ሜትር ትጠጋለች፣ ኳሱን ከፍ አድርገው ይሰጧታል፣ ትቀበላለች፣ ታስገባለች። ኩምዌንዳ ግን ያለችበት አይታወቅም። ወደዚህ ስትል እዚያ ናት። ተከላካይዋ ስትዞር ኳሱ ገብቷል። የእህቴ ልጅ «እንዴት ነው የምትይዣት?» ብላ ስትጨነቅ አይቻለሁ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጣ የምትከላከላት እሷ ይመስል።

የፍጻሜው ጨዋታ እሑድ ኦክቶበር 18 ብሪስበን ላይ ነበር። ቪክስንስ ከፊቨር። የሚገርመው በዚያው ቀን እዚህ ገደቡ ላላ ተባለ፣ 5 ኪሎ ሜትሩ 25 ሆነ። ሰው ስልክ ይደዋወላል፣ «ፉትስክሬይ እንገናኝ፣ እንጀራ እንበላለን» ይባባላል። ሬስቶራንት ቁጭ ብሎ መብላት ገና አልተፈቀደም፣ ቢሆንም። እኛ ቤት ስልክ የሚያነሳ አልነበረም።

ጨዋታው 66 ለ 64 አለቀ፣ ቪክስንስ አሸነፈ። ሁለት ነጥብ ማለት በዚያ ሕግ አንድ ውርወራ ናት። አንዷ የፊቨር ልጅ ከሩቅ አንድ ብታስገባ እኩል ናቸው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች በመተንፈስና ባለመተንፈስ መሃል ነው ያየነው። የእህቴ ልጅ ትራስ ነክሳለች። ቪክስንስ ከ2014 ወዲህ ያገኘው የመጀመሪያ ዋንጫ ነበር። ዋንጫውን ያነሡት ግን ከሜልበርን በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ርቀው ነው፣ የእነሱ ደጋፊ እቤቱ ተቆልፎ።

ከዋንጫው ይልቅ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ኬትሊን ትዌይትስ፣ ቲገን ፊሊፕ እና ረኔ ኢንግልስ፣ ሦስቱም በዚያ ዓመት ጫማ ሰቀሉ። ሁለቱ አግቢዎች ናቸው፣ ኢንግልስ ዊንግ ዲፌንስ። ለዓመታት የተጫወቱ ሰዎች፣ በራሳቸው ሜዳ፣ በራሳቸው ሰው ፊት ሳይሰናበቱ ሄዱ። እኛ ጋም በዚያ ዓመት ከሥራ የወጡ አንጋፋ ነርሶች ነበሩ። ኬክ የለ፣ ካርድ የለ፣ የመጨረሻ ፈረቃቸውን ጨርሰው መታወቂያቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ማቀፍ እንኳን አይፈቀድም ነበር።

እነዚህ ሰዎች ሲሄዱ ምን እንደሚጎድል ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። በ2021 ሊዝ ዋትሰን እግሯን ታመመችና ዓመቱን ሙሉ አልተጫወተችም። ሦስቱ የሉም። ሻምፒዮኑ ቪክስንስ ከስምንት ቡድን ስምንተኛ ሆነ! አሠልጣኟ ያችው ናት፣ ማሊያው ያው ነው። ጋዜጠኞች ስለ ሥነ ልቦና ብዙ አወሩ። እኔ ግን ነገሩ ቀላል ሆኖ ነው የታየኝ። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ከፈረቃው ጎድለዋል። በኛ ሥራ ማን የቱን ክኒን በሻይ እንጂ በውኃ እንደማይውጥ የምታውቅ ሰው ስትለቅ፣ በመዝገብ ላይ አንድ ሰው ነው የጎደለው። መኝታ ክፍሎቹ ውስጥ ግን የሚጎድለው ሌላ ነው። ማኪኒስን ያባረራት የለም። ደግ አደረጉ። በ2022 እንደገና ለፍጻሜ ደረሱ፣ ፐርዝ ላይ በዚያው በፊቨር 70 ለ 59 ተሸነፉ። ሊዝ ዋትሰንም ተመልሳ በዚያው ዓመት የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆነች።

የእህቴ ልጅ አሁን አድጋለች። አሁንም ዊንግ ዲፌንስ ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለትንንሾቹ ትዳኛለች። ሱፐር ሾት ዛሬም አለ። እሷ ትወደዋለች። «አክስቴ፣ ያለሱ ኮ ጨዋታው ሦስተኛው ሩብ ላይ ያልቃል» ትለኛለች። ይለቅ እላታለሁ። ቀድሞ የሠራ ቀድሞ ይረፍ። ትስቅብኛለች። ባለፈው ሳምንት በመኪና እየሄድን እንደዚሁ ተጨቃጭቀን፣ መውጫችንን አልፈን እስከ ሰንሻይን ደረስን።

እስቲ እናንተም የሠፈራችሁን ሜዳ ቅዳሜ ጠዋት ሂዱና እዩት፣ መግቢያ አይከፈልም። ልጆቻችሁ የሚጫወቱ ካሉ የቱን ፊደል እንደሚለብሱ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ አለኝ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሜልበርን ላይ ታክሲ የነዳ ሰው ነው። ቸር ሰንብቱ።