“እሾህ ነው” ብላችሁ አትተዉት፦ በሐዋሳ አሞራ ገደል ለዓሣ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

እንደምን አደራችሁ? መረብ ስትጎትቱ ያደራችሁ ወንድሞቼ፣ ቢላችሁን አስቀምጣችሁ ልትሰሙኝ የመጣችሁ እህቶቼ፣ አመሰግናለሁ። ዓሣው ፀሐይ ሳያገኘው መሸጥ እንዳለበት አውቃለሁ። ቶሎ እጨርሳለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ያደግሁት እዚሁ ነው። እናቴ ዓሣ ትሸጥ ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ቅርፊት እፍቅ ነበር። ዛሬ ነርስ ነኝ። የመጣሁት ስለ እጃችሁ ላወራ ነው።

የቆሮሶ የጀርባ እሾህ ስንቴ ወግቷችኋል? ቆጥሮ የሚያውቅ የለም። ደም ጠብ ይላል፣ እጃችንን ሐይቁ ውስጥ ነከር አድርገን ሥራችንን እንቀጥላለን። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይመጣም። እኔ የማወራው ስለዚያች አንዲት ጊዜ ነው።

አንድ ዓሣ ሻጭ አባት ነበሩ። ስኳር አለባቸው። አንድ ቀን ጧት ቀኝ እጃቸውን በነጠላ ጫፍ ጠቅልለው መጡ። ነጠላውን ስፈታው ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ተነስንሶበታል። የእጃቸው ጀርባ እንደ ዳቦ ተነፍቷል፣ ያብረቀርቃል። ቀለበታቸው ሥጋው ውስጥ ሰምጦ ስለነበር በመቁረጫ ቆርጠን አወጣነው። “ምን ሆነው ነው?” ስላቸው፣ “ምንም አይደል ልጄ፣ እሾህ ነው” አሉኝ። ከተወጉ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን እኔው ጋ መጥተው ነበር። ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ሥራዎ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቅ ኖሮ ያን ቀን አልለቃቸውም ነበር። እጃቸው ድኗል፤ አንዱ ጣታቸው ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም።

ዓሣ የሚያጸዳ ሰው እጅ ለምን በተለየ ዓይን መታየት እንዳለበት ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 1995 መጨረሻ ላይ፣ ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ፣ እጃቸው ያበጠና ትኩሳት የያዛቸው ሰዎች ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። ሐኪሞቹ ጉዳዩን ተከታትለው በአንድ ዓመት ውስጥ 9 ታማሚ አገኙ። 8ቱ እጃቸውን፣ 1ዱ ደግሞ ልቡን ነበር የታመመው። ሁሉም በሕይወት ያለ ወይም ገና የሞተ ዓሣ በእጃቸው ነክተዋል። 8ቱ እሾህ ወይም ቢላ ወግቷቸው ነበር። ዓሣው ደግሞ በብዛት ቲላፒያ ነው። ቲላፒያ ማለት የኛው ቆሮሶ ነው።

ያመጣችው ባክቴሪያ ስትሬፕቶኮከስ ኢኒዬ ትባላለች። በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋት እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰካክታ ነው የምትታየው። ስሟን ያገኘችው በፈረንጆቹ 1976 መጀመሪያ ከተገኘችበት የአማዞን ወንዝ ዶልፊን ነው። ዓሣን ስትይዝ አንጎሉን ትነካዋለች። ዓሣው እንደ ሰከረ ክብ ይዞራል፣ ዓይኑም ይፈጣል። እንዲህ ያለ ዓሣ ካያችሁ በቆሰለ እጅ አትንኩት።

ገበያችሁን ላበላሽ አልመጣሁም። የቶሮንቶዎቹ ዓሦች ከእርባታ የመጡ ናቸው። ሰዎቹም የታመሙት በልተው ሳይሆን ዓሣውን በእጃቸው ሲነኩ ነው፤ አብዛኞቹም ተወግተው። በደንብ የበሰለ ዓሣ ብሉ፣ ሽጡ።

ይህች ባክቴሪያ ዘመዶች አሏት። አንዷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ልጆቻችሁን ቶንሲል የምታሲዛቸው ናት። እሷ ደግሞ በጣም አልፎ አልፎ በትንሽ ጭረት ገብታ ከቆዳ ሥር ያለውን ሥጋ ትገድላለች። ሥጋ በል ከሚባሉት ባክቴሪያዎች አንዷ ናት። ምልክቷን አደራ ያዙልኝ፦ ሕመሙ ከቁስሉ ይበልጣል። ቆዳው ቀላ ከማለት በቀር ምንም አይታይበትም፤ ሰውየው ግን ያቃስታል። ቆዳው ጠቁሮ ውኃ እስኪቋጥር ከጠበቅን ዘግይተናል። ያኔ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። የሞተው ሥጋ በሰዓታት ውስጥ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት። ሰኞ እሄዳለሁ የሚባልበት ነገር አይደለም። ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይዛችሁ ሪፈራል ሂዱ።

ሁለቱም ቶሎ ከተደረሰባቸው መድኃኒት አላቸው። የጉሮሮዋ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልተላመደችም። ከመድኃኒት ቤት ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ውጦ ሥራ መግባት ግን ሕክምና አይደለም። እንዲያውም ለአንድ ቀን ሻል ያለ አስመስሎ ያዘናጋል።

ጓንት ያንሸራትታል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። እንግዲያው ቢላ የያዘው እጅ ይቅር፣ ዓሣውን የያዘው እጅ ብቻ ወፍራም ጓንት ያጥልቅ። ቀለበት አውልቁ። ሲወጋችሁ በሐይቁ ውኃ ሳይሆን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ታጠቡ። ቡናውን ለጀበና ተዉት።

እጃችሁ ከቀላ በእስክርቢቶ ዙሪያውን አስምሩበት። ቅላቱ መስመሩን አልፎ ከሄደ፣ ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ወይም ብብታችሁ ሥር ንፍፊት ከወጣ በዚያው ሰዓት ሂዱ። ስኳር ያለበት ሰው፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ሽማግሌ የሆነ ሰው ግን መስመር እያየ አይጠብቅ። እንደቀላ ይሂድ። ካርድ ክፍልም ሆነ ሐኪሙ ጋ የመጀመሪያ ቃላችሁ “ዓሣ ወግቶኝ ነው” ይሁን። እኔ ያልጠየቅኩትን እናንተ ቀድማችሁ ተናገሩ።

እስክርቢቶ ይዤ መጥቻለሁ፤ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ይደርሳችኋል። ዛፉ ሥር እቀመጣለሁ። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ሳይሰለፍ ቀድሞ ይምጣ።