ጉፒ ልጆቿን ትበላለች ወይ?

እሷ፦ እንደምን አመሻችሁ፣ ከደብረ ብርሃን ነን። የምትሰሙት ጉርጉርታ የዓሣዎቼ ውሃ ማጣሪያ ነው፤ ዛሬ የምንቀዳው እኔ ሳሎን ነውና ቻሉት። ጋሼ፣ ማክሰኞ ማታ ጉፒዬ፣ ያቺ ትንሿ ዓሣዬ፣ ወለደች። 23 ቆጠርኩ። ጠዋት ስነሳ 4 ቀሩ።

እሱ፦ የእናትየው ሆድ እንዴት ነበር?

እሷ፦ ይቀልዳሉ!

እሱ፦ ኧረ የምሬን ነው። በልታቸዋለች። አባትየውም ሌሎቹም ሳይሻሙ አልቀሩም።

እሷ፦ የወላድ አንጀት የላትም?

እሱ፦ ዶሮ ጫጩቶቿን ከጭልፊት ስትሸሽግ እያየን አድገን እኮ ነው ሁሉም እንደዚያ የሚመስለን። ጉፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲ፣ ስወርድቴይል የሚባሉት ዓሣዎች ልጅ ይወልዳሉ እንጂ አያሳድጉም። አራት ሳምንት ያህል በሆዷ ትሸከማለች፣ በቃ። ከወጣ በኋላ የሚንቀሳቀስና አፏ የሚበቃው ነገር ሁሉ ምግብ ነው።

እሷ፦ እኔ ደግሞ ርቧት ነው ብዬ ምግብ ጨመርኩላት።

እሱ፦ የጠገበችው ትቀንስ ይሆናል እንጂ አትተውም። ትርፉም ውሃውን ያበላሽብሻል። ገንዳው ውስጥ ምን አለ?

እሷ፦ ጠጠርና የፕላስቲክ ቤተ መንግሥት።

እሱ፦ ሜዳ ላይ ጥለሻቸዋላ! በአገሯ በነትሪኒዳድ፣ በነቬንዙዌላ ልጆቹ ጥግ ጥጉን፣ ውሃው ሳሳ ያለበት ነው የሚውሉት። አንቺም ጥቅጥቅ ያለ ነገር ስጫቸው፤ ጃቫ ሞስ የሚባለውን የውሃ ተክል ወይም ላይ የሚንሳፈፍ ተክል።

እሷ፦ የመውለጃ ሳጥን ገዝቼ ነበር እኮ።

እሱ፦ ቀድመሽ ካስገባሻት ትጨነቃለች። ከወለደች በኋላ እዚያው ከተውሻት ደግሞ ማዕድ አቀረብሽላት።

እሷ፦ (ሳቅ) እርስዎ ታዲያ ሁሉንም ያድናሉ?

እሱ፦ ድሮ። ሴቷ አንዴ ወንድ ካገኘች ዘሩን በሆዷ ለወራት ታቆያለች፤ ወንድ ባይኖርም በየወሩ ትወልዳለች። ዓመት ሳይሞላ 60 ሊትሯ ውሃ ሾርባ መሰለች። ከዚያ ኅዳር ላይ ሌሊት መብራት ጠፋ። ይህ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አገር ነው፣ ውርጩን ታውቂዋለሽ፤ እነሱ ደግሞ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚስማማቸው። ማሞቂያው ሲቆም ግማሹ አለቀ። እናቶቻቸው ያን ያህል አልፈጁብኝም። ዛሬ ተክሉን አስገብቼ የተረፈው ይትረፍ እላለሁ።

እሷ፦ ትርፉን በረሳ ወንዝ ብለቅስ?

እሱ፦ እንዳታደርጊው! የሰው አገር ዓሣ ወንዝ አይለቀቅም። ለሚያሳድግ ስጪ።

እሷ፦ እነዚህን አራቱን ምን ላድርግ? ተክሉን እስካገኝ ያልቁብኛል።

እሱ፦ ወር ከምናምን ካለፋቸው አፏ አይችላቸውም። እስከዚያ ክር ጠቅልለሽ አንጠልጥይላቸው፣ ይደበቁበታል። ቀለም የማይለቅ ናይለን ይሁን፣ የበግ ጠጉር አይሆንም።

እሷ፦ ክር ከየት ላምጣ አሁን?

እሱ፦ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ተቀምጠሽ ክር ጠፋ ትያለሽ?

እሷ፦ ቆይ፣ የእማዬ ሹራብ መሥሪያ ዘንቢል አለ። ማይኩን ይያዙልኝ።