ጡሩንባው ከቀብር በፊት
ለጅማ ከተማ ነጋዴዎች፣ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች፣ የዕድር ዳኞችና የቤተሰብ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የዕድር ዳኞች፣ ነጋዴዎች፣ እናቶችና አባቶች፤ አሰላሙ ዓለይኩም፣ አካም ጅርቱ፣ ጤና ይስጥልን።

ጅማ ውስጥ ዕድር የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ዕድሩ ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ የአባላት መዝገብ አለው፣ ጡሩንባ ነፊ አለው። ሰው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ድንኳኑ ይተከላል፤ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን ወንበር እንደሚሸከም የሚጠይቅ የለም። እሳት ሲነሣ ግን ያው ሰው ባዶ እጁን ቆሞ በስልኩ ይቀርጻል። ዛሬ የምንለምናችሁ አዲስ ኮሚቴ እንድታቋቁሙ አይደለም፤ ኮሚቴማ ሞልቷል። ያለው ዕድር ከቀብር ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲነሣ ነው።

ለምን ቢባል፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የእሳት አደጋ መኪና ደቂቃዎች አይደሉም። ጥሪው እስኪደርስ፣ ሠራተኛው እስኪነሣ፣ መኪናው በባጃጅና በተዘረጋ ሸቀጥ የተዘጋውን የሕርማታ መንገድ እስኪያልፍ እሳቱ አይጠብቅም። በችፑድ በተከፋፈለ፣ ኮርኒሱም ማዳበሪያ በሆነ ሱቅ ውስጥ ከጥግ የተነሣ እሳት ክፍሉን በሙሉ ለመያዝ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ኮርኒሱን ጠቀስን፤ እዚያው እንቆይ። በተከታታይ ሱቆች ላይ ግድግዳው ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ጋ ያበቃል። ከኮርኒሱ በላይ እስከ ቆርቆሮው ያለው ክፍት ቦታ ከመጀመሪያው ሱቅ እስከ አሥረኛው አንድ ነው። እሳቱ እዚያ ከገባ በኋላ ከታች ሲታይ አራተኛው ሱቅ ደኅና ይመስላል፤ ባለቤቱም ዕቃ ለማውጣት ይገባል፤ ኮርኒሱ ግን ከላዩ እየነደደ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው። የጋራ ግድግዳውን በብሎኬት እስከ ቆርቆሮው አድርሱና ቀዳዳውን በሲሚንቶ ድፈኑ። ሁለት ጎረቤታሞች ወጪውን ተካፍለው ይሠሩታል።

በእሳት ማግስት የሚሰማው ቃል «ኮንታክት ነው» የሚል ነው። ኮንታክቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወራት ሲዘጋጅ የቆየ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ተራው ማከፋፈያ ከ10 እስከ 13 አምፔር የሚችል ነው። ለምጣድ ከቆጣሪው ሳጥን ራሱን የቻለ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና ባለ 20 አምፔር ብሬከር ይሳብለት። ለአምፖል በተዘረጋ 1.5 ገመድ ላይ ምጣድ ሲሰካ ገመዱ ግድግዳው ውስጥ ይሞቃል፣ ሽፋኑ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ አንድ ቀን ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ይገናኛሉ። ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረ ብሎ በትልቅ ማስቀየር፣ ወይም ፊውዙን በመዳብ ክር መተካት፣ ዘበኛውን አስሮ ሌባ መጥራት ነው። ብሬከር መውደቁ ብልሽት አይደለም፤ ሥራው ነው። ስፒናው ከነኩት የሚፋጅ፣ ሶኬቱ ቡናማ የሆነ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ ዛሬውኑ ይነቀል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ምጣዱንና ካውያውን ንቀሉ። ምጣዱ ሳይነቀል ባለቤቲቱ ገበያ ትወጣለች፤ መብራት ሲመለስ ቤት ውስጥ ማንም የለም። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ኃይሉ ከተመለሰ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይሰኩ፤ መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ኃይል ይዋዥቃል።

ስለ እሳት ማጥፊያ። ብዙ ሱቅ ውስጥ ለተቆጣጣሪ ተብሎ የተሰቀለ፣ ከፊቱ ካርቶን የተደረደረበት ሲሊንደር አለ። ለሱቅ የምንመክረው ባለ 6 ኪሎ ደረቅ ዱቄት ነው፤ በወገብ ከፍታ፣ በሩ አጠገብ ይሰቀል። ምድጃው አጠገብ ከሰቀላችሁት በተፈለገበት ሰዓት እሳቱ ከእናንተና ከማጥፊያው መካከል ይሆናል። በየወሩ የግፊት መለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን እዩ። ሲሊንደሩን ገልብጣችሁም አራግፉት፤ ዱቄቱ ሲቆይ ከታች ይጋገራል። ስትጠቀሙ ጀርባችሁን ለመውጫው ስጡ፣ ቀለበቱን ንቀሉ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ርቀት የነበልባሉን ጫፍ ሳይሆን ሥሩን ከግራ ወደ ቀኝ እየጠረጋችሁ ርጩ። ዱቄቱ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። በዚያ ጊዜ ካልጠፋ ውጡና በሩን ከኋላችሁ ዝጉ፤ የተዘጋ በር እሳቱን አየር ያሳጣዋል።

የጋለ ዘይት ሲነድ ውሃ አይደፋበትም። ውሃው ከዘይቱ በታች ወርዶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ዘይት ኮርኒስ ድረስ ይረጨዋል። የድስቱን ክዳን ከጎን አንሸራቱበት፣ ምድጃውን አጥፉ፣ እስኪበርድ አትክፈቱት።

አሁን ወደ እንጨት ቤቶቻችን። የጅማ በርጩማና ሶፋ የሚወጣበት ቤት ሦስት ነገር ባንድ ጣሪያ ሥር ይይዛል፦ ሰጋቱራ፣ ቲነርና ብየዳ። በብየዳ ወይም በግራይንደር ጊዜ የሚፈናጠረው ፍንጣሪ ሰጋቱራ ውስጥ ሲገባ ወዲያው አይነድም። ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ይቆይና ሠራተኛው ቆልፎ ከሄደ በኋላ፣ ሌሊት፣ ነበልባል ይሆናል። ስለዚህ ብየዳው ከሰጋቱራውና ከቫርኒሹ ቢያንስ አሥር ሜትር ይራቅ፤ የማይቻል ከሆነ ወለሉ ይጠረግ፣ በውሃ ይርጠብ። ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ሰው አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ከመሄዱም በፊት ጥጋጥጉን በእጁ ጀርባ ይዳስስ። የተልባ ዘይት የተጠረገበት ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ያለ ክብሪት በራሱ ይሞቃል፣ ይነዳል፤ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ባለበት ክዳናም ጣሳ ውስጥ ክተቱት። ቲነር ለአንድ ቀን የሚበቃችሁን ብቻ ውስጥ አስገቡ።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ሱቅ ወይም ወርክሾፕ ውስጥ ልጅ ወይም ዘበኛ አሳድሮ በውጭ ቁልፍ መቆለፍ ይቁም። የመስኮት ብረትም ቢያንስ አንዱ በማጠፊያ ይሠራ፣ ከውስጥ ያለ ቁልፍ ይከፈት።

ጎርፉን በተመለከተ፣ የአዌቱ ወንዝ ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቆሻሻችንንም የምንጥለው ወደ እሱ ነው። ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ቱቦውን ሲዘጋው ውሃው መንገድ ይፈልጋል፣ ያገኘዋልም። የደጃችሁን ቦይ ከግንቦት በፊት ጥረጉ፤ የጠረጋችሁትን ደለል ግን ዳር ላይ አትከምሩት፣ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። ያለፈው ጎርፍ ግድግዳ ላይ የተወውን መስመር ፈልጉና ሶኬትና ዋጋ ያለው ሸቀጥ ከዚያ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሁን። የቡና መጋዘን ያላችሁ፣ ጆንያውን ከወለል 15 ሳንቲ ሜትር በፓሌት አንሡት፣ ከግድግዳም ግማሽ ሜትር አርቁት። በጎርፍ የራሰ ቡና ከደረቁ ጋር አይቀላቀል፤ ጥቂት ጆንያ የቀረውን ሁሉ ያሻግታል። የሚወርድ ውሃ ቁርጭምጭሚት አልፎ ወደ ጉልበት ሲጠጋ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ ባጃጅ ይዞ መሻገር አይታሰብ። ዋናው ማብሪያ ውሃ ከመግባቱ በፊት ይጥፋ፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚነካ ማብሪያ የለም።

ከጅሬን አቅጣጫ ተዳፋት ላይ የምትኖሩ፣ መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ምሰሶ፣ ድንገት የደፈረሰ ምንጭ ካያችሁ ሌሊቱን ሌላ ቦታ እደሩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ብዙ ሰው ያለቀው የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት በተሰበሰበበት ሁለተኛው ናዳ ስለወረደበት ነው። ከመቆፈር በፊት አንድ ሰው ከጎን ሆኖ ተራራውን ይጠብቅ፣ ፊሽካ ይያዝ።

ለቤት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ሰው ለመጠጥና ለምግብ በቀን 4 ሊትር ቢወስድ፣ አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለሦስት ቀን 60 ሊትር፣ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ውሃው ካጠራጠረ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው፣ ሽቶ የሌለው በረኪና ለአንድ ጀሪካን 2 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ለክታችሁ ጨምሩ፣ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቁ፤ ከደፈረሰ በነጠላ አጥልላችሁ መጠኑን እጥፍ አድርጉ። ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው የሁለት ሳምንት መድኃኒት በእጁ ይኑር፤ የአዲስ አበባው መንገድ ሲዘጋ ፋርማሲው ይራቆታል። በክረምት ብርድ ከሰል ወደ መኝታ ቤት አታስገቡ። የሚገድለው ጭሱ አይደለም፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ነው፣ ሽታ የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ መጀመሪያ ውጡ።

ነጋዴዎች፣ የዱቤ መዝገባችሁን በየሳምንቱ በስልክ አንሡና ለራሳችሁ ቴሌግራም ላኩ፤ ካርታውን፣ ንግድ ፈቃዱን፣ የዕቃ ደረሰኙንም እንዲሁ። ኢንሹራንስ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሸወድበት አለ። አንድ ሚሊዮን ብር ዕቃ ይዛችሁ ዓረቦን ለመቆጠብ 400 ሺህ ካስመዘገባችሁ፣ 200 ሺህ ብር ሲቃጠል የሚከፈላችሁ 80 ሺህ ነው፤ ኪሳራው በመድኑ መጠን ይከፋፈላል። ጎርፍ በእሳት ውሉ ውስጥ መካተቱንም ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ለዕድሮች የምንጠይቀው ይኸው ነው፦ ድንኳኑ በሚቀመጥበት ቤት ሁለት ማጥፊያ፣ አንድ መሰላል፣ ዲጂኖ፣ አካፋ፣ የሠላሳ ሜትር ገመድ፣ ባትሪና ሃምሳ ባዶ ማዳበሪያ ይቀመጥ። ቁልፉ ሦስት ሰው ጋ ይሁን፣ ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ ሰፈር የሚውል። መዝገቡ ላይ ከአባሉ ስም አጠገብ ብቻውን መነሣት የማይችል አዛውንት ወይም አካል ጉዳተኛ ያለበት ቤት ምልክት ይደረግበት። ለቀብርና ለእሳት ጡሩንባው የተለያየ ይነፋ። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የከተማው እሳት አደጋ ጣቢያ ቀጥታ ስልክ በወረቀት ተጽፎ በበሩ ጀርባ ይለጠፍ፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል።

አዳራሹ ጀርባ ሁለት የዘይት ድስትና ስድስት ማጥፊያ ተዘጋጅቷል። ከየዕድሩ ሁለት ሁለት ሰው፣ አንዱ ከሴቶች፣ ወጥቶ በእጁ ይሞክር። ከፊት ረድፍ እንጀምር።