ዚፑን ማን ይዝጋው

ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ድምፄ ሻከር ካለባችሁ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርቤ ነው የምቀዳው።

እና ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ዚፕ ነው። አዎ የጃኬት ዚፕ፣ አትሳቁ። እንደምታውቁት ልዩ ፍላጎት ክፍል ነው የማስተምረው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች አሉ፣ ኦቲዝም ያለባቸው አሉ፣ ድሮ ሰው ምን ታስተምሪያለሽ ሲለኝ ፊደልና ቁጥር እል ነበር፣ አሁን ግን ልብስ መልበስ፣ እጅ መታጠብ፣ ሱቅ ሄዶ መምጣት ነው የምለው።

አንድ ተማሪ አለኝ፣ 14 ዓመቱ ነው። ጃኬቱን ቤት እናቱ ናቸው የሚዘጉለት፣ ትምህርት ቤት ደግሞ እኔ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ የምዘጋለት አዝኜለት አይደለም፣ ቸኩዬ ነው። እሱ እስኪዘጋ ከጠበቅኩ ደውል ይደወላላ!

ከዛ ምን አደረግን፣ ስራውን ቆራረጥነው፣ ግን ከመጨረሻው ነው የጀመርነው። ማለቴ ታች ያለውን እኔ እሰካለሁ፣ እስከ ደረቱ እስበዋለሁ፣ የቀረችውን አንድ ስንዝር እሱ ይስባታል፣ አለቀ። ሁሌ የሚጨርሰው እሱ ነው፣ ገባችሁ? ከታች ቢጀምር ገና መሰካቱ ላይ ያቅተውና ይተወዋል። ከዛ እኔ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀደም ብዬ እለቃለሁ። ዚፑ ላይ የቁልፍ ቀለበት አሰርንለት፣ ጣቱ እንዲይዝለት። መሰካቷ ግን አይጣል ነው፣ እሷ ብቻ ሁለት ወር ፈጀችብን።

እናቱን ሳናግራቸው "አይ የኔ ልጅ፣ እኔ እያለሁለት ምን አስለፋው?" አሉኝ። ምን ትላላችሁ? አዋጅ ቁጥር 676/2002 አለ፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽንን ያፀደቀችበት፣ የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 19 ራስን ችሎ ማኅበረሰብ ውስጥ ስለመኖር ነው፣ እና ይሄን በራቸው ላይ ቆሜ ላነብላቸው ነው እንዴ? "እርስዎ የሌሉ ቀንስ" ልል አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። "እትዬ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ እጅዎን ጋቢው ውስጥ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። ሳቁ።

ብር ላይ ደግሞ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። አንዲት ተማሪዬን ብር በቀለም ነበር ያስተማርኳት፣ አረንጓዴው መቶ ነው ብዬ፣ ደክሜ ደክሜ ለመደችልኝ። መስከረም 2013 ላይ ብሩ ተቀየረ፣ አዲሱ አስር ብር አረንጓዴ ሆኖ መጣ! ልጅቷ አስር ብር ሰጥታ የመቶ ብር መልስ ቆማ ትጠብቃለች፣ ባለሱቁ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አሁን በስዕሉ ነው የማስተምረው፣ ግመል ያለበት አስር፣ ርግብ ያለበት ሁለት መቶ። ደግሞ ፎቶ ኮፒ ብር ትቻለሁ፣ ክፍል ውስጥ በወረቀት ብር የሚሸምት ልጅ እውነተኛው ሱቅ፣ ሰው ሲጋፋ ባጃጅ ሲጮህ፣ ሁሉም ይጠፋበታል። ስለዚህ ከባለሱቁ ጋር ተነጋግረን ሰው በማይበዛበት ሰዓት እዛው እንለማመዳለን።

ከሰል ላይ ግን ቀልድ የለም። እዚህ ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ሰው ምድጃውን ቤት አስገብቶ በሩን ዘግቶ ይተኛል፣ የከሰል ጋዝ ሽታ እንኳን የለውም፣ ሳይታወቅ ይገድላል። ስለዚህ ቡና ማፍላት ከማስተማሬ በፊት ምድጃውን ደጅ ማውጣት ነው የማስተምረው፣ በየቀኑ፣ እሳት ሳይኖርበት።

እና እናትየውን ባለፈው ሰኞ በር ላይ አገኘኋቸው። ልጁ ጃኬቱ እስከ አንገቱ ተዘግቷል፣ ኮሌታው ብቻ ወደ ውስጥ ገብቷል። "የኔ ልጅ፣ ድሮ 1 ሰዓት ነበር የምቀሰቅሰው፣ አሁን ባንቺ የተነሳ 12 ተኩል ሆኗል" አሉኝ፣ ተቆጥተው ነው መሰለኝ። እጃቸው ግን ጋቢው ውስጥ ነበር።