ከበሽታው ስም በፊት ውሃው

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በቤት ውስጥ የመስታወት ገንዳ፣ ጨዋማ ባልሆነ ውሃ የሚኖሩ ትናንሽ ዓሣዎች ሲታመሙ ሕመማቸው በምን እንደሚለይ ነው።

ዓሣ የሚያረባ ሰው በአንዱ ዓሣ ላይ ነጭ ነገር ሲያይ አስቀድሞ የሚጠይቀው የበሽታውን ስም ነው፤ ስሙ ከተገኘ መድኃኒቱም አብሮ የተገኘ ይመስለዋልና። በእኔ አስተያየት ግን መቅደም ያለባቸው ጥያቄዎች ስንት ዓሣዎች ታመሙ፣ ሕመሙስ በምን ፍጥነት መጣ የሚሉት ናቸው። ዝርያቸው የተለያየ ዓሣዎች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሁሉም ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱ ከሆነ፣ ተላላፊ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛመት ጊዜ ስለሚፈልግ፣ መመርመር ያለበት መጀመሪያ ውሃው ነው። ከዓሣዎቹ እዳሪ የሚመጣው አሞኒያና ከእርሱ የሚፈጠረው ናይትራይት፣ ሁለቱም መርዛማ ስለሆኑ፣ በመለኪያ ሲታዩ ዜሮ መሆን አለባቸው፤ በአዲስ ገንዳ ውስጥ ግን እነዚህን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። ናይትራይት ደሙን ወደ ቡናማነት ለውጦ ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርገው፣ ዓሣው አየር በበዛበት ውሃ ውስጥ እያለ ይታፈናል። የአሞኒያም መርዛማነት የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) እና ሙቀት ከፍ ባለ ቁጥር ይጨምራል። ውሃው ጥርት ብሎ መታየቱ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያስተባብልም።

ውሃው ደህና ሆኖ ከተገኘ በኋላ ወደ ዓሣው አካል እንመለስ። እጅግ የታወቀው የነጭ ነጥብ በሽታ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ነጥቦችን በክንፍና በቆዳ ላይ ያወጣል። ጥገኛ ተሕዋሱ ከቆዳው ሥር ሳለ መድኃኒት አይደርስበትም፤ አድጎ ከዓሣው ከወደቀ በኋላ ግን ተከፋፍሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ በውሃው የሚዋኙ ትናንሽ ተሕዋሳትን ይለቃል፣ መድኃኒቱም የሚገድለው እነዚህን ነው። ስለዚህ ነጥቦቹ በድንገት መጥፋታቸው ዓሣው ለመዳኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ጎልድፊሽ የሚያረቡ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በመራቢያ ወቅት ወንዱ በስንጥቡ መክደኛና በፊት ክንፎቹ ጠርዝ ላይ ነጫጭ እብጠቶች ያወጣል። ይህ ጤንነት እንጂ ሕመም ባለመሆኑ የሚታከም ነገር የለውም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጥጥ የሚመስለው ነገር ነው። ብዙዎች በዓሣው አፍ ዙሪያ ወይም ጀርባ ላይ ሲያዩት ወዲያው ፈንገስ ነው ይላሉ፤ ሆኖም ኮለምናሪስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታም ተመሳሳይ መልክ አለው። ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅለው አስቀድሞ በቆሰለ ወይም በሞተ ሥጋ ላይ ሲሆን፣ ኮለምናሪስ ግን ሲበረታ ዓሣውን በ1 ወይም በ2 ቀን ሊገድል ይችላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ፈንገሱ ቅርንጫፍ ያለው ክር፣ ባክቴሪያው ደግሞ ቀጭን ዘንግ ነው። ይህን መለየት የሚያስፈልገው የፀረ ፈንገስ መድኃኒት ባክቴሪያውን ስለማያድን ብቻ አይደለም፤ ለነጭ ነጥብ ሕክምና ተብሎ የሚጨመረው ሙቀት ኮለምናሪስን ያፋጥነዋል።

ኒዮን ቴትራ የሚባለው ትንሽ ባለ ደማቅ ቀለም ዓሣም እንዲሁ ያደናግራል። በስሙ የሚጠራው በሽታ ቀለሙን ያደበዝዛል፣ ጡንቻውን በከፊል ያነጣዋል፣ ሲቆይም አከርካሪውን ያጎብጣል፤ የታወቀ ፈውስ የለውም። ኮለምናሪስ ግን ይህንኑ መልክ አስመስሎ ስለሚመጣ፣ በዓይን ብቻ ለሚያይ ሰው ጥሩው መለያ የሕመሙ አካሄድ ነው፤ እውነተኛው በሽታ ቀስ ብሎ ሲገፋ ባክቴሪያው በቀናት ውስጥ ይጨርሳል።

ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቶቹ የቆሙበት ዓሣ በውስጡ ፈሳሽ ተጠራቅሞበታል፤ ይህም ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፣ መነሻውም ብዙ ነው። ከ3 ወይም ከ4 ሴንቲ ሜትር ዓሣ ደም መቅዳት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ትክክለኛው መልስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አሁን ከሞተው ዓሣ ነው። ለምርመራ የሚወሰድ ዓሣ ይቀዝቅዝ እንጂ በረዶ አይሁን፤ በረዶው ሥጋውን ያፈራርሰዋልና። እየከሳ ቁስል ያወጣ ዓሣ የዓሣ ነቀርሳ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ይዞት ሊሆን ስለሚችል፣ ተሕዋሱም በቁስል በኩል ወደ ሰው ቆዳ ስለሚገባ፣ እጁ የተጫረ ሰው ጓንት ሳያጠልቅ ገንዳውን አይንካ።