የመክፈቻ ንግግር፦ መጽሐፋችን ከቡክ ክለባችን ነው የሚወጣው

ውድ የማህበራችን አባላት፣ ደራሲዎች፣ አንባቢዎች፣ ረቂቅ ይዛችሁ መጥታችሁ እስካሁን ለማንም ያላሳያችሁም ጭምር፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ! ከየአካባቢው ተሰባስበን እንዲህ ፊት ለፊት የምንተያየው በዓመት አንዴ ነው ስለዚ ሰላምታ አላበዛም፣ የሂሳቡን ሪፖርት ገንዘብ ያዣችን በኋላ በዝርዝር ታቀርበዋለች፣ እኔ ይዤ የመጣሁት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። እስካሁን ህትመት ኮሚቴውና ቡክ ክለቡ ለየብቻ ነው ሲሰሩ የቆዩት፣ አንዱ መድብሉንና መጽሔቱን ያዘጋጃል፣ ሌላው በየወሩ ተሰብስቦ ያነባል፣ ሲገናኙም በአጋጣሚ ነው። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ስራ ናቸው ነው የምለው፣ የሆረር (የአስፈሪ ታሪክ) መጽሐፍ ሰው ተሰብስቦ ካነበበበት ቦታ ነው የሚወጣው፣ ዘንድሮ ማህበራችን በዚህ መንገድ እንዲሄድ ልጠይቃችሁ ነው የቆምኩት።

የዘርፋችንን ታሪክ ራሱን እዩት። እ.ኤ.አ. በ1815 ኢንዶኔዢያ ውስጥ ታምቦራ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ፣ ከሱ የወጣው አመድና ጋዝ የፀሐይን ብርሃን ጋርዶ በ1816 አውሮፓ የሙቀቱን ወራት በዝናብና በብርድ አሳለፈች። ያኔ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር አንድ ቤት ውስጥ እንግሊዛዊው ገጣሚ ሎርድ ባይረን፣ ሐኪሙ ጆን ፖሊዶሪ፣ ገጣሚው ፐርሲ ሼሊ፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ የነበረችው፣ በኋላ የፐርሲ ሚስት የሆነችው ሜሪ እና የእንጀራ እህቷ ክሌር ዝናቡ አላስወጣ ብሏቸው ተቀምጠው ምን ነበር የሚያደርጉት? ከጀርመንኛ ወደ ፈረንሳይኛ የተተረጎመ የመናፍስት ታሪክ መድብል ያነቡ ነበር። ይሄ እኮ ቡክ ክለብ ነው! ባይረን እስቲ ሁላችንም አንዳንድ የመናፍስት ታሪክ እንጻፍ ያለው ከዛ በኋላ ነው፣ ሰው ሁልጊዜ የሚያወራው ስለዛ ውድድር ነው፣ ከውድድሩ በፊት የነበረውን ንባብ ግን ይዘለዋል፣ ለኔ ደሞ ዋናው እሱ ነው።

ሜሪ ወዲያው አልመጣላትም። በየጠዋቱ ታሪክ አሰብሽ ወይ ሲሏት አላሰብኩም እያለች ትመልስ እንደነበር «ፍራንከንስታይን» በተባለው ልቦለዷ የ1831 እትም መግቢያ ላይ ራሷ ጽፋዋለች። እዚህ መሀላችን ለወራት ምንም አልመጣልኝም ብላችሁ ከክለቡ የቀራችሁ አላችሁ፣ ስማችሁን አልጠራም ግን ታውቃላችሁ፣ እባካችሁ ተመለሱ፣ የማይጽፍ ሰው ማንበብ ይችላል፣ ንባቡ መሀል ላይ ደሞ የሆነ ነገር ይመጣል። ሜሪም በመጨረሻ መጣላትና «ፍራንከንስታይን» በ1818 ታተመ። ባይረን ደሞ የራሱን ጀምሮ ተወው፣ ያቺን የተተወች ቁራጭ ሐሳብ ነው ፖሊዶሪ አንስቶ «ዘ ቫምፓየር»ን የሰራባት፣ ዛሬ በየመጽሐፉ የምናገኘው ጨዋ የሚመስል፣ ሰው መሀል ገብቶ የሚጫወት ባላባት ቫምፓየር (ደም መጣጭ) መነሻው ያ አጭር ታሪክ ነው። ስለዚ ክለቡ ውስጥ ያለቀ ስራ ብቻ ይምጣ የሚለውን ልማድ እንድንተወው እፈልጋለሁ፣ ሁለት ገጽ ጽፋችሁ የቆማችሁበትንም አምጡት፣ በባለቤቱ ፈቃድ ሌላ ሰው ሊቀጥለው ይችላል፣ ካልሆነም ቢያንስ ለምን እንደቆመ አብረን እናየዋለን።

ከዚሁ ታሪክ ሳልወጣ ስለ ስም አንድ ነገር ልበል። «ፍራንከንስታይን» መጀመሪያ ሲወጣ 500 ኮፒ ነበር፣ ያውም ያለ ደራሲ ስም፣ ብዙ ሰው የባሏ ስራ መስሎት ነበር። የፖሊዶሪ ደሞ የባሰ ነው፣ ታሪኩን ያወጣው መጽሔት ያተመው በባይረን ስም ነው! ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል። ለዚህ ነው የኛ የኮንትራት ጉዳይ ላይ ድርቅ የምለው፦ ታሪኩ የደራሲው ነው፣ ማህበሩ የሚወስደው መጀመሪያ የማተም መብትን ብቻ ነው፣ ያውም ለአንድ ዓመት፣ ከዛ በኋላ ደራሲው የፈለገበት ቦታ ሊያሳትመው ይችላል፣ የመጨረሻውን ፕሩፍ (ለእርማት የሚታየውን ቅጂ) ሳያይ ደሞ ምንም ነገር ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም። ሽፋኑን የሳለው፣ አርትኦቱን የሰራው፣ የተረጎመው፣ የሁሉም ስም ይጻፋል። ክፍያው ትንሽ ነው አውቃለሁ ግን ትንሽም ብትሆን ለሁሉም እኩልና በሰዓቱ ትድረስ።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። እንግሊዛዊው የመናፍስት ታሪክ ደራሲ ኤም አር ጄምስ ካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ውስጥ እያለ ለገና የመናፍስት ታሪክ ጽፎ ለጓደኞቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸው ነበር፣ የመጀመሪያ መድብሉ በ1904 የወጣው እንዲህ ሰው ፊት ከተነበቡ ታሪኮች ነው። ስታነቡት ያስታውቃል፣ አንድ ቁጭታ ላይ ያልቃል፣ ነገሩ ቀስ እያለ ነው የሚቀርበው፣ የሚያስፈራውን ነገር የምናየው ለቅጽበት ነው ከዛ ይጠፋል። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ሲሰለቸው ታየዋለህ፣ ስለዚ እንዲህ ያለ ደራሲ የማያስፈልግ ቃል ማስገባት አይደፍርም።

የህትመት ኮሚቴውን የምጠይቀው ይሄንን ነው፦ ለመድብሉ የታጨ ታሪክ ሁሉ ከመታተሙ በፊት ክለቡ ውስጥ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። የሚያነበው ደራሲው አይሁን፣ ሌላ ሰው ያንብበው፣ ደራሲው ቁጭ ብሎ ይስማ፣ ውይይቱ እስኪያልቅም ምንም አይናገር። ይሄ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እዚህ ጋ እኮ ማለት የፈለኩት ብሎ ጣልቃ መግባት ያምራል፣ ግን መጽሐፉ ከታተመ በኋላ አንባቢው ቤት ሄዶ የሚያብራራ ደራሲ የለም። እኛ ደሞ ስናዳምጥ የምናየውን ነገር እንመዝግብ፦ የትኛው አረፍተ ነገር ላይ ነው ሰው ስልኩን ያነሳው፣ የትኛው ላይ ነው ቤቱ ጸጥ ያለው፣ ሳቅ ባልተጠበቀበት ቦታ የሳቀ ሰው አለ ወይ። ያለቦታው የሚመጣ ሳቅ አንዳንዴ ታሪኩ ስለተበላሸ ነው፣ አንዳንዴ ደሞ ሰውየው ከምር ስለፈራ ነው የሚስቀው፣ ሁለቱን መለየት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ባለፈው መድብል ውስጥ እንዲህ ቀድሞ የተነበበ ታሪክ ነበረን፣ ያነበባችሁት ታስታውሱታላችሁ፣ እናትየው ማታ ማታ ፎቅ ላይ የሚሄደውን እግር እየቆጠረች የምትተኛበት። ረቂቁ ላይ መጨረሻው ገጽ የሚሄደው ማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሞተ፣ ለምን እንደመጣ ሁሉንም ይነግረን ነበር። ክለቡ ውስጥ ሲነበብ እስከዛ ድረስ ማንም አልተነፈሰም፣ ማብራሪያው ሲጀምር ግን ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፣ በቃ ፍርሃቱ አለቀ። ደራሲዋ ሁለቱን አንቀጽ አወጣቻቸው፣ ሌላ ምንም አልነካችም፣ ከመድብሉ ሁሉ አንባቢ ደጋግሞ የሚያነሳልን ያንን ታሪክ ነው። እንግሊዛዊቷ የአስፈሪ ልቦለድ ደራሲ አን ራድክሊፍ ከሞተች በኋላ በ1826 በወጣው ጽሑፏ ላይ ሁለት አይነት ፍርሃት ለይታለች፣ አንደኛው ገና ያልታየን ነገር ስንጠብቅ የሚመጣው ነው፣ አእምሮን ይቀሰቅሳል፣ ሌላኛው ነገሩ ፊታችን ሲቆም የሚያደነዝዘን ነው። የኛ ረቂቆች በብዛት ወደ ሁለተኛው ነው የሚሮጡት፣ ገጽ አንድ ላይ ደም አለ፣ ገጽ ሁለት ላይ ጭራቁ ቆሟል፣ ከዛ የሚቀረው ምንድነው? ደም አይኑር እያልኩ አይደለም፣ ደም ያለበትም ምርጥ ስራ አለን፣ ግን መጠበቁን ለአንባቢው እንስጠው።

ክለቡ ምን ያንብብ የሚለው ላይ ባለፈው ብዙ ክርክር ነበር፣ አዲስ ብቻ የሚል አለ፣ ክላሲኩን ሳንጨርስ የት እንሄዳለን የሚልም አለ። እኔ እየተፈራረቀ ይሂድ ባይ ነኝ፣ አንድ ወር የቆየ፣ አንድ ወር አዲስ፣ በመሀል ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ይግባ፣ የአባላት ረቂቅ ደሞ በየስብሰባው መጨረሻ ይነበብ። ከምንም በላይ ግን የማይጽፉ አንባቢዎችን እንጋብዝ፣ ደራሲ ደራሲን ሲተች ወይ ያዝናል ወይ ይፎካከራል፣ ዝም ብሎ ማንበብ የሚወድ ሰው ግን ገጽ ሰባት ላይ ደከመኝ ካለ በእውነት ደክሞት ነው።

መጽሔታችንም ላይ ሁለት ገጽ ለክለቡ ይሰጥ። በ1923 የተጀመረው የአሜሪካ የአስፈሪ ታሪክ መጽሔት «ዊርድ ቴልስ» የአንባቢ ደብዳቤ አምድ ነበረው፣ አንባቢዎች የትኛውን ታሪክ እንደወደዱ የትኛው እንዳላስፈራቸው ይጽፉ ነበር፣ ያ አምድ ብዙ ሰው ከመጽሔቱ ጋር አስተሳስሯል። እኛም ክለቡ የተከራከረበትን ብናትም ሩቅ ያለው አባላችን እንኳን ስብሰባው ውስጥ የተቀመጠ ያህል ይሰማዋል።

ሁለት አጫጭር ነገሮች ልጨምር። ከአባላት የመጣውን ጥያቄ ተቀብለናል፣ ራስን ማጥፋት፣ ህጻናት ላይ የሚደርስ ጥቃትና የመሳሰሉት ያሉበት ታሪክ በመጽሐፉ መጀመሪያ በአንድ መስመር ይጠቆማል። ታሪኩን ያበላሻል ብላችሁ የሰጋችሁ አላችሁ፣ ክብር አለኝ ግን አልስማማም፣ አንባቢው ለመፍራት ፈቅዶ ነው ወደኛ የሚመጣው፣ ቁስሉን ሳያውቁ ለመንካት መብት የለንም። ሁለተኛው፣ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ (AI) የተጻፈ ታሪክ አንቀበልም። በ2023 «ክላርክስወርልድ» የሚባለው የአሜሪካ የሳይንስ ልቦለድ መጽሔት እንደዚህ አይነት ጽሑፍ አጥለቅልቆት ለተወሰነ ጊዜ ታሪክ መቀበል እስከማቆም ደርሶ ነበር፣ የኛ ገምጋሚዎች ደሞ በትርፍ ሰዓታቸው የሚሰሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ጊዜያቸው ሰው ለጻፈው ይዋል።

የሚቀጥለው መድብል ጥሪ ከዛሬ ጀምሮ ክፍት ነው። በር ላይ ሁለት ወረቀት ታገኛላችሁ፣ አንዱ ላይ የቡክ ክለቡ የዓመቱ ዝርዝር ነው ያለው፣ ሌላኛው ላይ የሰው ረቂቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለማንበብ ፈቃደኛ የሆነ ስሙን ይጻፍ፣ ድምፄ አያምርም የምትሉም ጻፉ ለኛ የሚያስፈልገን ጥርት አድርጎ የሚያነብ ነው። ድምፅ የምንሰጥበት የውሳኔ ሐሳብ ከምሳ በኋላ ይቀርባል፣ አሁን የመድብሉ አርታኢ ስለ አመራረጡ እንድታስረዳን መድረኩን ለሷ ልስጥ፣ አመሰግናለሁ።