መምህሩ፣ ስሜቱና አዲሱ መሣሪያ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከዲጂታል ቴክኖሎጂ ጋር የሚላመዱበትን መንገድ ነው። በእኔ እምነት ለዚህ መላመድ ከኮምፒውተር ችሎታ ይልቅ ወሳኙ ነገር መምህሩ የራሱን ስሜት ማወቁና መግራቱ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1990 የስሜት ብልህነትን በጥናት ሲያቀርቡ፣ የራስንና የሌላውን ስሜት ለይቶ ማወቅንና መግራትን እንደ አንድ የአእምሮ ችሎታ ቆጥረውታል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የመረጃ ሥርዓት ተመራማሪው ፍሬድ ዴቪስ ሰው አንድን ቴክኖሎጂ የሚቀበለው ይጠቅመኛል፣ አይከብደኝምም ብሎ ሲያምን እንደሆነ አሳይቶ ነበር። እኔ ሁለቱን አገናኝቼ ነው የማያቸው፤ «አይከብደኝም» የሚለው እምነት ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው በፍርሃትና በሀፍረት ነውና።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ የዩኒቨርሲቲዎቻችንን በር ሲያዘጋ፣ ለዓመታት በጠመኔና በሰሌዳ ያስተማሩ መምህራን በአንድ ጊዜ ዙምና ቴሌግራም ላይ ወጡ። ከዚያ ወዲህ በተካፈልሁበት አንድ ሥልጠና፣ አንድ አንጋፋ መምህር የይለፍ ቃላቸውን ደጋግመው አስገብተው እምቢ ሲላቸው፣ ማውዙን አጠገባቸው ወደተቀመጠው ረዳት ምሩቅ ገፋ አድርገው «ልጄ፣ አንተው ጨርስልኝ» አሉት፤ ከዚያ በኋላ ሥልጠናው እስኪያልቅ ድረስ ማውዙን አልነኩትም። አሠልጣኙም ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ። እንዲህ ያለውን መምህር «ቴክኖሎጂ አይወድም» ብሎ መፈረጅ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን በእሳቸው ፊት ላይ ያየሁት ጥላቻ ሳይሆን ሀፍረት ነበር። መምህር ሁሉን ያውቃል ተብሎ በሚታመንበት አገር፣ በገዛ ተማሪ ፊት አለማወቅ ቀላል ሸክም አይደለም።

በኢንተርኔት ማስተማር ሲጀመር ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። ዳታ ውድ በመሆኑ ተማሪዎች ካሜራ ያጠፋሉ፤ መምህሩም ስም ብቻ ለተጻፈባቸው ጥቁር ሳጥኖች እየተናገረ ዝምታውን እንደ ንቀት ሊወስደው ይችላል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ክፍሏን ስትጀምር ተማሪዎቿ ያሉበትን ሁኔታ በአጭሩ እንዲጽፉላት ትጠይቃለች። «መብራት ጠፍቷል፣ በስልክ ነኝ» የሚለውን መልስ ካነበበች በኋላ ዝምታውን በንቀት መተርጎም አቆመች፤ ትምህርቱንም አሳጥራ በድምፅ ቀርጻ በቴሌግራም ትልክላቸው ጀመር።

ለጠየቁት ሁሉ ጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚሰጠው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ቻትጂፒቲ፣ ከመጣ ወዲህም ነገሩ ያው ነው። እጅግ የተስተካከለ የተማሪ ጽሑፍ ሲያጋጥመው ወዲያው የሚቆጣ መምህር ያለ ማስረጃ ይከሳል፤ ቁጣውን ለይቶ ያወቀ ግን ተማሪውን ጠርቶ የጻፈውን በቃሉ እንዲያስረዳ ይጠይቀዋል።

እርግጥ ነው፣ መብራትና ኔትወርክ በሌለበት የስሜት ብስለት ብቻውን ኮርስ አያስተምርም፤ የተቋማትን ጉድለት በመምህሩ ትከሻ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። ሥልጠና የምታዘጋጁ የሥራ ኃላፊዎችን ግን በአክብሮት የምጠይቀው አለ፤ የሥልጠናውን የመጀመሪያ ሰዓት መምህራን ያስቸገራቸውን ነገር ተማሪና የበላይ ኃላፊ በሌለበት በግልጽ እንዲነጋገሩበት ስጧቸው፤ ለአንጋፋዎቹም በግል፣ ቀስ ብሎ የሚያሳያቸው ሰው መድቡላቸው።